ማማ ኖሪን የከፈቱልን ወጥ ቤት

ወዳጆቼ፣ ሻያችሁ ሳይቀዘቅዝ እጨርሳለሁ። ማማ ኖሪን፣ እርስዎም ዛሬ በጡረታ ሽኝትዎ እንኳ ከወንበርዎ አይነሡ፤ ሳህኑን እኛ እናነሣለን።

እዚህ ሆቴል የመጡ ዕለት ጉሙ ባሕሩንና መንገዱን አንድ አድርጎት ነበር። በዝናብ ርሰው፣ ሻንጣ አንጠልጥለው በሩ ላይ ሲቆሙ፣ እዚህ የሰፈርነው ጥገኝነት ጠያቂዎች አዲስ ስደተኛ መጣች ብለን ፎጣ አቀበልንዎት። እኔማ «አይዞዎት፣ ሲቆዩ ይለመዳል» ብዬ አጽናናሁዎት። ፊትዎን ጠራርገው፣ አዲሷ ምግብ አብሳይ እንደሆኑ ነገሩን።

ምሳው ሲቀርብ ግን መጽናናት የሚገባን እኛ ሆንን። ለጉንፋን ድንች፣ ለናፍቆትም ድንች! መነጽርዎን ግንባርዎ ላይ ሰክተው መነጽርዎን ሲፈልጉ፣ በአይሪሽኛ ድስቱን ሲለማመጡት ስንቴ ሳቅንብዎት።

ከዚያ ሩቫራሼ መጣች፤ ያገሬ የዚምባብዌ ልጅ፣ ነፍሰ ጡር። ሳህኗ እንደቀረበ ይመለሳል። አጠገቧ ተቀምጠው ምን እንደሚያምራት ጠየቋት።

«ሌሊት በሕልሜ ሳድዛ፣ ያገሬን የበቆሎ ገንፎ፣ እበላለሁ» አለችዎት። «ስነቃ ሽታው አብሮኝ ይቆያል። እሱ ሲጠፋ ነው የማለቅሰው።»

በማግስቱ ሊመሪክ ከተማ ድረስ ነድተው ነጭ የበቆሎ ዱቄት ይዘው መጡ። ገንፎው ግን ጓጎለብዎት። ለነዋሪ ወጥ ቤት መግባት ክልክል ነበር፤ እርስዎ እጇን ይዘው አስገቧት። እንፋሎቱ መስኮቱን ሸፈነው፣ ባሕሩ ጠፋ። እሷ እያንጎራጎረች ስታማስል፣ በር ላይ ቆሜ የት አገር እንዳለሁ ረሳሁ።

የሆቴሉ ኃላፊ ደረሰ። ደንቡን ጠቅሶ ከሥራ እንደሚያሰናብትዎት ነገረዎት።

«አሰናብተኝ» አሉት፣ «ግን መጀመሪያ ትብላ።»

ሩቫራሼ ዓይኗን ጨፍና በላች። ሰውየው ቆሞ አያትና በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ።

ስንብትዎን በፍርሃት ስንጠብቅ ከረምን። የመጣው ግን ለነዋሪው የተፈቀደ ምድጃ ነው። ዛሬ ሁሉም ያገሩን ያበስላል። የሩቫራሼ ልጅም ያቻት፣ ኬኩን ቀድማን ጀምራለች።

ማማ ኖሪን፣ ያዘነልን ሰው ብዙ ነበር። ምን እንደሚያምረን የጠየቁን ግን እርስዎ ነዎት። እናመሰግናለን።

በሉ፣ ብርጭቋችንን እናንሣ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፤ ጠዋት ማንም ቁርስ አይጠይቅዎት፣ አርፍደው ይነሡ። ስንናፍቅዎትም ይምጡ፤ እጅዎን ታጥበው ከገበታው ይቀመጡ እንጂ፣ ድስት ከፍተው እንዳያዩብን!