የተኩላው ክርክር
ኖርዝ ዮርክ ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው ሽማግሌ ድሮ አዳኝ ነበሩ። የአደን ጓደኛቸው በየሳምንቱ መኪና እየነዱ ይመጡና በተኩላ ጉዳይ ይጨቃጨቃሉ። የእኔው "ተኩላ ወደ ጫካው ይመለስ፤ አጋዘን በዝቶ ችግኙን ጨረሰው" ሲሉ፣ ጓደኛቸው "አጋዘኑን ተኩላ ከበላው እኛ ምን ልናድን ነው?" ይላሉ። አንድ ቀን የእኔው ተናደዱና "አንተ ደግሞ በዚህ ዓይንህ ምን ታድናለህ!" አሏቸው። ጓደኛቸው ኮታቸውን አንስተው ወጡ፤ በዚያው ቀሩ።

ሽማግሌው ምግብ እምቢ አሉኝ። ደብል ሺፍት፣ ሁለት ፈረቃ በተከታታይ፣ እየሠራሁ ስለነበር ለመለማመጥም አቅም አልነበረኝም፤ ጓደኛቸው ጋ ደውዬ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ሰጠኋቸው።

"ተቀይመኸኝ ነው የቀረኸው?"

"ኧረ አይደለም። ስለ ዓይኔ ልክ ነህ፤ መንጃ ፈቃዴን ወሰዱብኝ።"

ሽማግሌው "በቃ፣ ተኩላው ይቅር" አሉ።

"ይመለስ ባክህ" አሉ ጓደኛቸው፣ "እኔ እንደሆነ ከእንግዲህ አላድንም።"

እምቢ ያሉትን ሾርባ አሙቄ መልሼ አቀረብኩላቸው።