ከሃላሌ ጉዞ በፊት ስለ ሞተር ዘይት

ትናንት ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከሶዶ ማዳበሪያ ጭኖ ወደ ሁምቦ የሚወርደው የገበሬ ማኅበራችን ሦስት ቁጥር የጭነት መኪና ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ነክሶ፣ አልዞር ብሎ፣ ቆመ። ሹፌሩ ኤርካሎ መኪናውን ከመንገዱ ዳር ካለው የአፈር ግድግዳ ጋር አላትሞ አስቆመው። ሰው አልሞተም።

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ይህን የስንብት ግብዣ ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ሥጋው ጥሩ ነው። ዳጣው ግን ምን ዓይነት በርበሬ እንደሆነ አላውቅም፤ ዓይኔ እንባ ካቀረረ በዳጣው አሳብቡልኝ። ስለ ጋቢውም አመሰግናለሁ። ዕድሜውን በሙሉ ጋራዥ ውስጥ ለኖረ ሰው ነጭ ጋቢ መሸለም ድፍረት ይጠይቃል። እስካሁን ያልነካሁት እጄን ስለማላምነው ነው።

የግምጃ ቤቱ ሶርሳ በር ላይ ሲቀበለኝ፣ “ጋሼ ደገፉ፣ ዛሬ እንኳ ስለ ዘይት አያወሩም አይደል?” አለኝ።

“አላወራም” አልኩት።

ሶርሳ፣ ቃሌን አልጠበቅሁም። ልነግራችሁ ያሰብኩት ሌላ ነበር። ስለ ድሮ መኪኖቻችን፣ አብረን ስለሳቅንበት ቀን ላወራ ነበር። ከትናንት ወዲህ ግን እሱን ማሰብ አልቻልኩም። ፈርቻለሁ። ሰው በስንብቱ ቀን ፈርቻለሁ ማለት ደስ አይለውም፤ ሌላ ነገር ብላችሁ ግን እዋሻችኋለሁ።

አትስጉ፣ ይህ ግምገማ አይደለም። ሒስና ግለሒስ አልጠራም። ማንንም አልከስም፤ የሚከሰስ ሰው ቢኖር ኖሮ እንዲህ ባልፈራሁ ነበር።

ድሮ መኪኖቻችንን እንዴት እንደምንነዳ ታስታውሳላችሁ? ሞተሪኖው የማይሠራ፣ ባትሪው የሞተ፣ ተገፍቶ ብቻ የሚነሳ መኪና ነበር ያለን። ዲምቱ ገበያ መሀል ሞተር የጠፋበት ሹፌር ሰው ለምኖ ያስገፋል። የገፉት ሰዎች ደግሞ ሞተሩ እንደተነሳ ጭነቱ ላይ ይወጣሉ፤ “ገፍተን በእግራችን ልንሄድ ነው እንዴ?” ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ሹፌሮቻችን አንድ ነገር ተማሩ፤ ሞተር አይጠፋም። ሲጫን አይጠፋም፣ ሲራገፍ አይጠፋም፣ ምሳ ሲበላ አይጠፋም። ለአዲስ ሹፌር መጀመሪያ የምናስተምረውም ይህንን ነበር። ሞተር የጠፋበት ሰው ሚስቱ ጥላው የሄደች ያህል ይሳቅበት ነበር።

ከዚያ አዲሶቹ መኪኖች መጡ። በቁልፍ ይነሳሉ። ማስገፋት ቀረ። ልማዱ ግን አልቀረም። ዛሬም ማሽላ እስኪራገፍ፣ ማዳበሪያ እስኪቆጠር፣ ወረፋ እስኪደርስ ሞተሩ እየሠራ ይቆማል። ማን ልብ አለው? ድምፁ እንኳ ለስላሳ ነው።

ከአዲሶቹ መኪኖች ጋር የመጣው መመሪያ ዘይት በየሃያ ሺህ ኪሎሜትር ቀይሩ ይላል። ለድሮዎቹ በየአምስት ሺው ነበር የምንቀይረው። በቢፒአር የሥራ ማሻሻያ ጥናቱ ጊዜ ሃያ ሺው ሲነበብ አዳራሹ አጨበጨበ፤ መኪና ጋራዥ ሳይገባ ይህን ያህል መሥራቱ የሚያስጨበጭብ ነው። የሦስት ቁጥር መኪና ዘይት ከተቀየረ ወዲህ የሄደው አሥራ አራት ሺህ ነው። ሲጎድል ተሞልቷል፤ መለኪያው ሲወጣ ሁልጊዜ ሙሉ ያሳይ ነበር። ደንብ አልተጣሰም። እንግዲህ የሚያስፈራኝ ይኼ ነው።

ዛሬ ጠዋት ሦስት ቁጥርን ጎትተን ግቢ አስገባን። ከእኔ ጋር የነበረችው ኢንጂነር ሶልያና ናት፤ ከሰኞ ጀምሮ ጋራዡን የምትመራው እሷ ናት። ከሥር ገብተን የዘይት መውረጃውን መክደኛ፣ ታፖውን፣ ፈታሁ። ከታች ባልዲ አስቀምጠን ጠበቅን።

ምንም አልወረደም።

ሶልያና ካቻቪት ወደ ቀዳዳው አስገባችና አወጣችው። ጫፉ ላይ የተያዘው ዘይት አይደለም፤ መንገድ ሠራተኞች የሚያቀልጡት ሬንጅ ይመስላል። ጫፉን አገላብጣ አየችና፣ “ጋሼ፣ ይኼ ሞተር ኪሎሜትሩ ከሚለው በላይ ሠርቷል” አለችኝ። ጋቢና ገብታ ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቁልፍ ተጫነች። ለካ እነዚህ መኪኖች የሄዱትን ርቀት ብቻ ሳይሆን ሞተሩ የሠራበትንም ሰዓት ይቆጥራሉ። አስልታ ስትነግረኝ፣ ሞተሩ ከሠራበት ጊዜ ግማሹን ያህል የሠራው መኪናው ቆሞ ነው። መኪናው ቆሟል፣ ኪሎሜትሩ ቆሟል፤ ዘይቱ ግን ያረጃል፣ ጥላሸት ይጠጣል።

“ታዲያ በስንት ኪሎሜትር ይቀየር?” አልኳት።

“እንደ እኛ ላለ አቧራ፣ ዳገትና ጭነት ከአሥር ሺህ አይለፍ። ሰዓቱም አብሮ ይታይ” አለች።

እኔ ከሰባት ሺህ አይለፍ ባይ ነኝ። ተከራከርን። ማን ልክ ነው? አላውቅም። እሷም እርግጠኛ እንዳልሆነች ነግራኛለች። ዘይቱ አዲስ አበባ ተልኮ ይመርመር ብላለች፤ ይመርመር። ሃያ ሺህ አለመሆኑን ግን ሁለታችንም ዛሬ ጠዋት አይተናል።

ቀጥሎ ሌሎቹን አራት መኪኖች አየናቸው። ቁልፏን ተጫነች፤ ሰዓታቸውን አነበበች። ሁለቱ ከሦስት ቁጥር የባሱ ናቸው።

አራቱም የበቆሎ ዘር ተጭነዋል። ሰኞ ንጋት ላይ ወደ ሃላሌ ይሄዳሉ።

የሃላሌን መንገድ ለእናንተ አልገልጽም። ለእንግዶቻችን ግን ቁልቁል፣ ጥምዝምዝ፣ በአንድ ጎኑ ገደል መሆኑን ልንገር። እዚያ ላይ ሞተር ሲነክስ ምን ይሆናል? ኤርካሎ እዚያ ጥግ ተቀምጧል፤ ትናንት የነገረኝን በራሱ ቃል ልድገምላችሁ። “ጋሼ፣ መጀመሪያ መሪው ድንጋይ ሆነ። ከዚያ ፍሬን ረገጥኩ፣ ያዘ። ሁለተኛ ስረግጥ የፍሬኑ አየር እያለቀ መሆኑን እግሬ አወቀው። ከፊቴ ጋሪዎች አሉ፣ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች አሉ። ጥሩንባው ይሠራል፤ እሱ ብቻ ነው የሚሠራው።” ሁምቦ ላይ የአፈር ግድግዳ ነበረለት። ሃላሌ መንገድ ላይ ግድግዳው የት ነው?

ሰኞ ከፊት የሚነዳው ባዳቾ ነው። ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ፣ “ጋሼ፣ ምን ያስጨንቅዎታል? ሃላሌ እኮ ቁልቁለት ነው፤ ሞተር ባይኖርም እንደርሳለን” አለኝ። ሹፌሮቹ ሁሉ ሳቁ። ባዳቾ፣ ቀልድህን እወዳለሁ። ዛሬ ግን አልሳቅሁም። አንተም ስትስቅ ኤርካሎን አላየኸውም።

ሥራ አስኪያጃችንን አቶ ወልደመስቀልን ክፉ ሰው አድርጋችሁ እንዳታዩብኝ። ቢሯቸው ገብቼ “መኪኖቹ ይቁሙ” ስላቸው ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። “ደገፉ፣ የበልጉ ዝናብ ደርሷል። ከጀመረ ያ መንገድ ለጭነት መኪና አይሆንም። ገበሬው መሬቱን አርሶ እየጠበቀ ነው። ዘሩ እዚህ ሶዶ ግቢያችን ውስጥ ቢያድር ምን ልበለው?” አሉኝ። በማዳበሪያ ወቅት የሚከራይ መኪናም እንደሌለ አውቃለሁ። ለአዲሶቹ ሞተሮች የሚሆነው ዘይት ከአዋሳ የሚገባው ማክሰኞ ነው። ዘይት መለወጥ ብቻ ደግሞ አይበቃም፤ ያ ሬንጅ ተጠርጎ፣ ውስጡ ታጥቦ መታየት አለበት። ቢያንስ እስከ ሐሙስ ይፈጃል። ዝናቡ ሐሙስን ይጠብቃል ወይ? እሱንም አላውቅም።

እስከ ትናንት ቢሆን መላ ነበረኝ። ያላመንኩበት መኪና እንዳይወጣ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ሻይ ልጠጣ እሄድ ነበር። ተፈልጌ እስክገኝ ሰው ቁጣው ይበርድለታል፤ እኔም ሥራዬን እጨርሳለሁ። ስንቶቻችሁ ሰድባችሁኛል! ዛሬ ከምሳ በኋላ ግን ቁልፎቹን አስረክቤያለሁ። ኪሴ ባዶ ነው። ሁለት ጊዜ ዳበስኩት።

ሹፌሮች፣ ከእንግዲህ ማዘዝ አልችልም፤ እለምናችኋለሁ። ስትቆሙ ሞተር አጥፉ። ይነሳል፤ አዲስ ነው፣ ይነሳል። መለኪያው ሙሉ ስላሳየ ደህና ነው አትበሉ። ሰዓቱን የምታሳየዋን ቁልፍ ሶልያና ታሳያችኋለች፤ ተጫኗት። ሶልያና፣ ከእኔ ይልቅ አንቺን ይሰሙሻል፤ የሚጮህብሽ ግን አይጠፋም። ሲጮሁብሽ ኤርካሎን ጥሪው።

አሁን ልመርቃችሁና ልቀመጥ። እጃችሁ ከመሪ፣ ዓይናችሁ ከመንገድ አይለይ። የወጣችሁበት በር ስትመለሱ ይክፈታችሁ። ልጆቻችሁ የመኪናችሁን ድምፅ ለይተው ይሩጡላችሁ። የሃላሌ ገበሬም ዘሩ በጊዜው ይድረሰው፤ እሱም የሰው ልጅ ነው፣ እሱም እየጠበቀ ነው። ጦሳይ ኢንተና አንጆ፤ እግዚአብሔር ሁላችሁንም ይባርክ።

አቶ ወልደመስቀል ከሶልያና ጋር ተነጋግረው መኪኖቹ ይሂዱ ወይስ ይቁሙ የሚለውን ነገ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እንደሚወስኑ ነግረውኛል።