የሐጂ ማንቆርቆሪያ

ሆጤ ሰፈር ተከራይቼ ስኖር አንዲት ቡችላ አመጣሁ። አከራዬ ሐጂ ሰይድ፣ «ቤት ውስጥ ከሸናች ሁለታችሁም ትወጣላችሁ» ብለውኛል። ብለምናትም ብቆጣትም ምንጣፌን አልማረችም። ለካ አስተማሪዋ ሌላ ነው። ሐጂ ለሰላት ግቢ ውስጥ ሲታጠቡ፣ ውዱ ሲያደርጉ፣ ከማንቆርቆሪያቸው የሚወርደውን ውሃ ስትሰማ እየሮጠች ወጥታ አጥሩ ሥር መሽናት ለመደች። በቀን አምስቴ፣ ዝንፍ የለም።

ታዲያ ሐጂ ልጃቸውን ሊጠይቁ ኮምቦልቻ ወርደው ሳምንት ቆዩ። ቡችላዬም ወደ ምንጣፉ ተመለሰች። ምን ላድርግ፣ ማንቆርቆሪያ ገዛሁና ከንጋቱ አዛን ጀምሮ አምስቴ እየወጣሁ ውሃ ማፍሰስ ያዝሁ። ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ በአጥር ሲያዩኝ ከርመው ኖሮ ወሬው ኮምቦልቻ ደርሷል። ሐጂ አዲስ ኮፍያ ይዘውልኝ መጡ። «ማሻአላህ ገብረማርያም፣ ሰላት ጀመርክ አሉ» ብለው አቀፉኝ። እያፈርኩ እውነቱን ነገርኳቸው። ቡችላዋን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ኮፍያውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ።

«እሷስ ሰዓቷን አወቀች» አሉኝ። «አንተ ግን ቤተ ክርስቲያን ከሳምክ ስንት ጊዜህ ነው?»