የኋላው ባትሪ

ከካርቲየ 7 ቢስ ሰፈር ወደ ዋራበሌ ሰፈር በሚሄደው ሚኒባስ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ሾፌሩና ጋቢና አብሮት የተቀመጠው ኤሌክትሪሺያን በአማርኛ ይጨቃጨቃሉ።

“መኪናው ውስጥ ስለምታድር፣ ለማራገቢያህ ሁለተኛ ባትሪ ጨምር አልኩህ። ኋላ ውሰደው የሚል ከአፌ ወጥቷል?”

“ከፊተኛው ባትሪ አጠገብ ያለው የጫቴ ቦታ ነው። ሌላ ባትሪ ሲጨመርበት ሙቀቱ ጫቱን ያጠወልግብኛል።”

“እሺ፣ ሁለቱን በምን አገናኘሃቸው?”

“በሽቦ ነዋ። ከቤት አምፖል የተረፈ ነበረኝ።”

“በዚያ ቀጭን ሽቦ ይህን ሁሉ መንገድ? ግደለኝና ልረፍ። ፊውዝስ?”

“ከፊት አንድ አድርጌያለሁ።”

“ከኋላስ? የኋላውም ባትሪ እኮ ኃይል ይልካል። ሽቦው ቢላጥ በዚያ በኩል ምን ያቆመዋል?”

“አይላጥም፤ ምንጣፍ አልብሼዋለሁ።”

“ሰው እየረገጠው?”

“ሰው የሚረግጠው ምንጣፉን ነው።”

“ለዚህ ነዋ ቅድም ላስቲክ ላስቲክ የሸተተኝ።”

“ምንጣፉ አዲስ ስለሆነ ነው።”

“ፈጣሪ ትዕግሥቱን ይስጠኝ። ለመሆኑ ኋላ የት ነው ያስቀመጥከው?”

“ከመጨረሻው ወንበር ስር።”

እኔ ሁለቱንም እግሮቼን ከምንጣፉ ላይ ቀስ ብዬ አነሳሁ።