የጧፉ ሰም በርሆቦት ራስ ላይ

የዚያን ቅዳሜ ሐይቁን ተሻግራ ወደ ቁንዝላ የምትሄደው ጀልባ ሞተሯ አልነሣ ብሎ ቀረች። ጠዋቱን ሙሉ ወደቡ ላይ ቆሜ ስጠብቅ፣ አትሄድም ብሎ የሚነግረኝ አንድ ሰው ጠፋ። አንጀቴ አርሮ ወደ ቤቴ ስመለስ ነው መሪጌታ ገብረ መስቀልን ያየኋቸው። ጎረቤቴ ናቸው። ሐይቁ ዳር ባለች ቤተ ክርስቲያን ድጓ ያስተምራሉ፤ ለመቅደሱ የሚበራውን ጧፍም በእጃቸው የሚሠሩት እሳቸው ናቸው። ልጃቸውን ርሆቦትን ክንዷን ይዘው ወደ ዳኘው ፀጉር ቤት ይገባሉ። ርሆቦት ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ኮሌጅ ለመጨረስ አንድ መንፈቅ ቀርቷታል። ታለቅሳለች።

እኔ ነርስ ነኝ። ሰው ሲያለቅስ አይቼ ማለፍ አልችልበትም፤ እውነቱን ለመናገር ጠብ ሲሸተኝም ማለፍ አልችልበትም። ተከትያቸው ገባሁ።

«እንደምን አረፈዱ የኔታ? ምን ሆናችሁ ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አደይ። ዳኘው! ማሽንህን አምጣና ይህችን ልጅ ላጫት።»

«ላጫት?» አልሁ ጮክ ብዬ። «ባገራችን ራሷን የምትላጭ ሴት ሐዘን የደረሰባት ናት። ማን ሞተባት?»

«እሷ ናት የሞተችብኝ! ከቤቴ ካስወጣኋት ዘጠኝ ቀኗ ነው፤ ጓደኛዋ ዘንድ ነው የምታድረው። ወይ ትላጫለች፣ ወይ ደጄን አትረግጥም። የድጓ መምህር ልጅ እንደ ዱርዬ ድሬድ አንጠልጥላ! ተማሪዎቼ ምን ይሉኛል? ጠረኑ ደግሞ! እስቲ ጠጋ ብለሽ አሽትቻት!»

ጠጋ አልሁና ነጠላዋን ገለጥሁት። መጀመሪያ ደነገጥሁ፣ ከዚያ ተናደድሁ። ፀጉሯ ጣት ጣት እያከለ ተጠቅልሏል፤ ግን ቢጫ ነገር ተጋግሮበት፣ አቧራና የነጠላ ብናኝ ተለጥፎበታል። ሥሩ ላይ ቆዳዋ ቀልቷል፤ ሁለት ቦታም ቆስሏል።

«ምን ቀብተሽው ነው?»

«ሰም» አለች ቀስ ብላ።

«የምን ሰም?»

«የአባባን የጧፍ ሰም። ድሬድ በሰም ይጀመራል ሲሉ ስልኬ ላይ አየሁ። እኛ ቤት ደግሞ ሰም ሞልቷል።»

«ከታጠብሽስ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ሦስት ወር፣ በነጠላ እየሸፈንሁት። ከታጠበ ይፈታል ብለውኝ።»

«የመቅደሱን ሰም!» ብለው መሪጌታ ወለሉን በመቋሚያቸው መቱት።

እኔ በሁለቱም ነደድሁ። ኮሌጅ የገባች ልጅ ሦስት ወር ሙሉ ራሷን አትታጠብም፤ ዕድሜያቸውን በመጽሐፍ የጨረሱ አባት ደግሞ መድኃኒቱ ምላጭ ነው ይላሉ። አንዱ ከአንዱ አይሻልም!

«አየሽ አይደል?» አሉኝ። «ድሬድ ማለት ቆሻሻ ማለት ነው።»

«ቆሻሻው ሰሙ ነው እንጂ ፀጉሩ አይደለም፣ የኔታ። ዳኘው፣ ና ወዲህ! ድሬድ እንዴት ነው የሚጀመረው? ንገራቸው።»

የዳኘው የራሱ ድሬድ ትከሻው ላይ ይወርዳል። እስካሁን መሪጌታን ፈርቶ ጥግ ይዞ ነበር።

«መንገዱ ብዙ ነው፣ የኔታ» አለ። «አጭር ፀጉር ከሆነ እርጥብ እንዳለ በማበጠሪያ ጫፍ እየጠመዘዝን እንጀምረዋለን። ረዘም ካለ ሁለት ሁለቱን እናጠማዝዘዋለን፣ ወይም በቀጭኑ ሹሩባ ሠርተን እንተወዋለን። ቶሎ እንዲይዝለት የሚፈልግ ሰው ሲመጣ በኪሮሽ መርፌ እናያይዝለታለን፤ እሱ ግን ካልተጠነቀቁ ፀጉር ይበጥሳል። ጭራሽ ሳያበጥር የሚተወውም አለ። በየትኛውም ቢሆን መጀመሪያ መታጠብ ነው። የሚቆላለፈው ፀጉሩ ራሱ ነው፤ ማጣበቂያ አይፈልግም። እኔ በየሳምንቱ በሳሙና እታጠባለሁ፣ በደንብም አደርቀዋለሁ።»

«ውሸት!»

«ያሽትቱት» አልሁ።

«እኔ? የጎረምሳ ራስ?»

«እኔን አሽትቻት ብለውኝ የለ? እርስዎም ያሽትቱ እንጂ!»

ዳኘው አንገቱን ደፋ። አዛውንቱ አፍንጫቸውን ጨምደው ጎንበስ አሉ፣ ቀና አሉ፣ እንደገና ጎንበስ አሉ።

«ሳሙና ሳሙና ይላል» አሉ በግዳቸው።

«እንግዲያው ልጠይቅዎት። ይህ ጥምጥምዎ ከታጠበ ስንት ጊዜው ነው?»

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ሰብስቢ!» ብለው ጮሁ፤ እጃቸው ግን ወደ ጥምጥማቸው ሄደ።

«አልሰበስብም! በታንኳ ተሻግረው እጃቸውን የሚስሟቸው ባሕታዊ ፀጉራቸው ተቆላልፎ ወገባቸው ላይ አልደረሰም? እሳቸውን ዱርዬ ይሏቸዋል?»

«እሳቸው ዓለምን የናቁ ናቸው! ይህች ግን ለጌጥ ነው!»

«ለጌጥ ቢሆንስ? እናቷ ሹሩባ የምትሠራው ለጌጥ አይደለም? ባሕታዊውን የሚያከብሯቸው ለፀጉራቸው ሳይሆን ለሥራቸው ነው። ልጅዎንስ በሥራዋ ለምን አይመዝኗትም? ሰክራ ገባች? ሰደበችዎ? ትምህርቷን ጣለች? ዘጠኝ ቀን በሰው ቤት ስታድር ምን በላች ብለው ጠይቀዋል?»

የተናገረችው ርሆቦት ናት።

«ተይ እትዬ አደይ። እላጫለሁ። ብቻ ወደ ቤቴ ልመለስ።» ነጠላዋን አውልቃ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ራሷን ዝቅ አደረገች። ዳኘው ማሽኑን አነሣ። ቁስሉ አሁን በብርሃኑ በኩል ሆነ።

«ቆይ!» አሉ መሪጌታ። ተጠግተው አዩት። «ቁስል እንዳለው አልነገረችኝም። እዚህ ላይ ማሽን ይሄዳል እንዴ?»

«አይሄድም» አልሁ።

«ሰሙስ በምን ይለቃል?»

ያን ሁሉ ስጮህ ቆይቼ እዚህ ላይ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። «እሱን እንኳ አላውቅም፣ የኔታ።»

«አታውቂም! ይህን ሁሉ ስትጮሂብኝ አርፍደሽ!» መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «እኔ አውቃለሁ። ዐርባ ዓመት ልብሴ ላይ ጧፍ ሲንጠባጠብ ኖሯል። በሞቀ ጨርቅ ይለሰልሳል፣ በዘይት ይላቀቃል፣ ከዚያ ሳሙና ነው። በጉልበት ከጎተቱት ግን ልብሱን ይዞት ይሄዳል። ዳኘው፣ ውኃ አሙቅ!»

ቁስሉን እንዳይነኩት፣ ጨርቁም ለብ ያለ ብቻ እንዲሆን ነገርኋቸው፤ ሰኞ ጤና ጣቢያ እንድትመጣም ቀጠርኋት። እሳቸው እስከ ከሰዓት ድረስ አንዱን ቋጠሮ ከሌላው እያላቀቁ፣ በየመሐሉ እሷንም እኔንም እየተቆጡ ሠሩ። ቀስ ይሉ ነበር።

ሲጨርሱ እጃቸውን ጠርገው ዳኘውን አዘዙት። «ቁስሉ ሲድን በማበጠሪያ ጫፍ የምትለውን ሥራላት። ታጥቦ። አንቺ ደግሞ የጧፌን ሰም ሁለተኛ ብትነኪ ውርድ ከራሴ! ተነሽ፣ ወደ ቤት።»

ይህን የምጽፈው ምላጭ ስለው ለሚጠብቁ አባቶችም፣ መታጠብ ድሬድ ያበላሻል ለሚሉ ልጆችም ነው። የታጠበ ራስ አይቆስልም፣ አይሸትም፤ ፀጉሩም በፈለገው መንገድ ይቆላለፋል። አባት ከመቆጣቱ በፊት ቀርቦ ቢያይ ልጁ በሰው ቤት አታድርም። ይህን ለማወቅ ዘጠኝ ቀን መፍጀቱ እስካሁን ያናድደኛል።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ በአጥራቸው በኩል አየሁ። ርሆቦት ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ራሷን ፀሐይ ታስመታለች። ከአጠገቧ ገመዱ ላይ ፎጣዋ ተሰጥቷል፤ ከፎጣዋ ጎን የመሪጌታ ጥምጥም ውኃው እየተንጠባጠበ ተሰጥቷል። መሪጌታ ባዶ ራሳቸውን ቆመው አዩኝ፣ እኔም አየኋቸው። አፌን ሰብስቤ አለፍሁ።