ብድግ ያለው ልጅ

ከወረታ ባሕር ዳር በሚኒባስ ስንሄድ፣ ከኋላዬ አንድ ጎረምሳ ለጎረቤቱ እናት ያወራል።

«እትዬ፣ ልጅዎ እኮ አዋረደን!»

«ምን አድርጎ?»

«ለሥራ ፈተና በኮምፒውተር፣ በቪዲዮ ሊያነጋግሩት ቀጠሮ ሰጡት። ኮምፒውተሩ ካሜራም ማይክም ስለሌለው ስልኬን አገናኘሁለት።»

«ጎሽ!»

«ምን ጎሽ! ቁሐር ሚካኤል ካለው ማሳ ሩዝ ሲያርም ቆይቶ በቁምጣ መጣ። ቁጭ ካለ ማን ያየዋል ብዬ፣ ከላይ ኮቴን አለበስሁት።»

«እሺ?»

«አንድ ሽበታም አለቃ ብቅ ብሎ ‹ጤና ይስጥልኝ› ሲለው፣ ይሄ ጅል ብድግ! ቁምጣው ከነጭቃው ታየ። ለኮምፒውተር ይነሳል?»

«ታዲያ ለትልቅ ሰው ተጎልቶ ይጠብቅ? እንዲያ አላሳደግሁትም።»

«ሳቁበት እኮ!»

«የሳቁትማ አሳዳጊ የበደላቸው ናቸው። አንተስ ሳቅህ?»

እኔም ሳቄ እንዳይታይብኝ አፌን በነጠላዬ ሸፈን አደረግሁ።