መብራቱን ያጠፉልን ሰው

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ጎረቤቶቼ፣ የአዳራሻችን ሰዎች ሁሉ፤

እኔን የምታውቁኝ በመጥረጊያዬ ነው። ስትገቡ እወጣለሁ፣ ስትወጡ እገባለሁ። ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩትም ከስብሰባችሁ በኋላ ከወንበር ሥር በማነሳው ቁርጥራጭ ወረቀት ነው። ዛሬ ግን «ማን ይናገር?» ሲባል ሁላችሁም ዞራችሁ እኔን አያችሁ። ለምን? ዛሬ ከምንሸኛቸው ከእኚህ ሰው ጋር በዚያ አዳራሽ ብዙ ዝም ያልኩት እኔ ስለሆንኩ ይመስለኛል።

ልጆቹ «ጋሽ ድርግም» ይሏቸው ነበር። እሳቸውም ስሙን ወደውት ነበር። ዛሬም በእሱው ብጠራቸው አይቀየሙኝም።

እስቲ የድሮውን አዳራሽ አስታውሱት። ጣሪያው ያፈስ ነበር። በሩ ወደ ውስጥ ነበር የሚከፈተው። ያ ጄኔሬተር ደግሞ ከመብራቱ በፊት ጭሱን ይልክብን ነበር። «ይህ ቤት ለክፉ ቀን መጠጊያ ይሁን» ያሉት ማን ናቸው? ጋሽ ድርግም፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው። በሩን ነቅለው ወደ ውጭ እንዲከፈት ያደረጉትስ? እሳቸው። ቧንቧው ሲደርቅ የምንጠጣውን የውሃ ታንከር ያሰቀሉትስ? እሳቸው።

ሶላሩ የመጣ ቀንማ እንዴት ይረሳል! ኮሚቴው «ከዋናው በር በላይ፣ በመንገዱ በኩል ይደርደር፤ አላፊ አግዳሚው ይይልን» አለ። ሽማግሌዎቹ ከሥሩ የሚቀመጡበት የዚያ ትልቅ ዛፍ ጥላ የሚውለው ደግሞ እዚያው ላይ ነው።

«ኧረ ተዉ፣ ይሄ እኮ ማስታወቂያ አይደለም፤ ጓሮ ይሁን» አሉ ጋሽ ድርግም።

«ጓሮ ከሰቀልነው ማን ያየዋል?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ፀሐይ ታየዋለቻ!»

ሳቅን። ስቀን ስናበቃም ከፊት ለፊት ሰቀልነው። በምረቃው ዕለት ሊቀመንበሩ ንግግራቸውን ሳይጨርሱ መብራቱ እንደ ሰካራም ተንገዳግዶ ጠፋ። አንዱ «ዛፉ ይቆረጥ» ቢል ጋሽ ድርግም ተቆጡ። «ሽማግሌዎቹ የት ይቀመጡ? እናንተ ላይ?» በማግስቱ ሶላሩን አውርደን ወደ ጓሮ ዞርን። «ብያችሁ ነበር» አላሉንም። መሰላሉን ብቻ ያዙልን።

ከዚያ የክፉ ቀን ልምምዱ መጣ። ስብሰባም ይሁን ድግስ፣ ሳይነግሩን ከመጋረጃው ጀርባ ወዳለው የመብራት ማጥፊያ ሳጥን ሄደው ድርግም ያደርጉታል። ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ። ማንም አይሮጥም። ሁሉም አጠገቡ ያለውን ሰው እጅ ይይዛል። እሳቸው የባትሪውን መብራት እስኪያበሩ ማንም ከቦታው አይነቃነቅም።

አናጢያችን ልጁን ሲድር እንኳ አልማሩትም። ሙሽሮቹ ገብተው ሳይቀመጡ፣ ድርግም!

«ምን ነካዎት? የልጄን ሰርግ ለቅሶ ቤት ያደርጉታል?» ብሎ ጮኸ አናጢው።

«ተቆጣኝ ልጄ፣ እቀበላለሁ። መጀመሪያ ግን እናትህ የት እንዳሉ ንገረኝ።»

የባትሪው መብራት ሲበራ አናጢው ግራ ቀኝ አየ። እማማ ከማያውቋቸው እንግዶች መሃል፣ ጥግ ላይ ፈዘው ተቀምጠዋል። እጃቸውን የያዘ አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲህ አናጢው ከእናቱ ርቆ ሲቀመጥ ያየው አለ?

ያ ጎርፍ የመጣ ጊዜ ሰፈሩ በሙሉ ጨለመ። አዳራሹ ግን በርቶ ተቀበለን። ማንም አልተረገጠም። አንድም ልጅ አልጠፋም። እማማ ጎርፉንም የልምምድ አካል መስሏቸው «ይሄ ሰውዬስ ዛሬ አበዛው!» ሲሉ እርጥብ ልብሳችንን እንደለበስን ሳቅን።

አንድ ቀን «ጋሼ፣ ለምን ሰው ያስቀይማሉ?» አልኳቸው። ሽቦ እየላጡ ነበር። እጃቸው ቆመ። «በድሮው አዳራሽ መብራት ጠፍቶ ሰዉ ሲተራመስ፣ የባለቤቴ እጅ ከእጄ ወጣ፤ በሕይወት አላገኘኋትም» አሉኝ። ከዚያ ሽቦአቸውን መላጥ ቀጠሉ። እኔም መጥረጌን።

ሰሞኑን ያ ሲሆን ሁላችሁም ነበራችሁ። አመሻሽ ላይ ነው። ስብሰባው ረዝሟል። ድርግም። እኛ ምን አደረግን? የተማርነውን። እጅ ለእጅ ተያያዝን። «ተባረኩ ጋሼ፣ ከስብሰባው ገላገሉን!» አለ አንዱ። ሳቅን። ጠበቅን። ቆይተን ደግሞ ሳቅን። አትነቃነቁ ብለውን ነበር፤ አልተነቃነቅንም።

እኔ ያንን ወለል ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። ዝምታው አላማረኝም። እየዳበስኩ ወደ መጋረጃው ሄድኩ። ሳጥኑ ተከፍቷል። እሳቸው ከሥሩ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። እጃቸውን ያዝኩ። ሙቀት ነበረው። እሳቸው ግን አልነበሩም።

ሐኪሙ «ልባቸው ነው፤ ብትደርሱም አታተርፏቸውም ነበር» ብሎናል። ይሁን። ግን ያን ሁሉ ጊዜ እኛ የሰው እጅ ስንይዝ የእሳቸውን ማን ያዘው? ስንስቅ ከመጋረጃው ጀርባ ብቻቸውን ነበሩ። ስንቆጣቸውም ብቻቸውን።

አሁን «ልምምዱ ይቅር፣ ሳጥኑም ይቆለፍ» የሚል አለ። አልፈርድበትም። ከእንግዲህ መብራት በጠፋ ቁጥር ልባችን ይደነግጣል። ግን አይቅር። እለምናችኋለሁ፣ አይቅር። ክፉ ቀን ቀጠሮ አይዝም። ማጥፋቱን ለእኔ ተዉልኝ። ዓይናቸው ሲደክም የባትሪውን መመሪያ አነብላቸው የነበርኩት እኔ ነኝ። እኔም ቤቴ የሚጠብቀኝ የለም፤ ጨለማም ለምጃለሁ። ከዚያ መጋረጃ ጀርባ ብቻዬን መቆም ግን እፈራለሁ። ስለዚህ መብራቱ ሲጠፋ አንዳችሁ ወደ እኔ ኑ። ማንም ይሁን።

እማማ፣ ይቀመጡ እንጂ፤ አሁን እኮ አይደለም… እሺ። ይምጡ። እጅዎን ይስጡኝ።

ጋሼ፣ ዛፉ እንደቆመ ነው። በሩም ወደ ውጭ ይከፈታል። ሶላሩን ዛሬም ከጓሮ ሆኖ ፀሐይ እያየችው ነው። ከእጅዎ የወጣችውን እጅ ያግኟት። እኛም እንደተማርነው እጅ ለእጅ ተያይዘን ቆመናል። እስኪያበሩልን ግን ከእንግዲህ አንጠብቅም። ይረፉ፣ ጋሼ። ደህና ይሁኑ።